ጥጥን ማን ያስረዝመዋል? ስለ ጥቃቅኖቹ የፔፕታይድ ጂኖች

ከጥጥ ዘር ላይ ሚነቀለው እያንዳንዱ ፋይበር አንድ ሴል ነው። አዎ፣ አንድ ብቻ። ከዘሩ ቆዳ ላይ ተነስቶ፣ ለሁለት ሳይከፈል፣ እየተሳበ እየተሳበ ሄዶ 2.5 ወይም 3 ሳንቲሜትር የሚደርስ አንድ ሴል። አብዛኛው የተክል ሴል ያለ ማይክሮስኮፕ እንደማይታይ ካሰባችሁ ይሄ በጣም ሚደንቅ ነገር ነው፣ ርዝመቱ ከስፋቱ ከሺ እጥፍ በላይ ነው። ነጠላውም ጋቢውም ቲሸርቱም የተሰራው ከነዚህ የሞቱና የደረቁ ረጃጅም ሴሎች ነው፣ ግድግዳቸውም ከ90 በመቶ በላይ ሴሉሎስ ነው።

ነገሩ ሚጀምረው አበባው በሚፈነዳበት ቀን አካባቢ ነው። ገና ዘር ለመሆን ከሚዘጋጀው እንቁላል የላይኛው ቆዳ ላይ ካሉት ሴሎች ሩብ የሚሆኑት ወደ ውጭ ማበጥ ይጀምራሉ፣ ሌሎቹ ግን እዛው ጎናቸው ሆነው ምንም ሳይሆኑ ይቀራሉ። ከዛ ለ20 ወይም ለ25 ቀን ያህል መሳብ ብቻ ነው ስራቸው፣ ከዛ በኋላ ደሞ ግድግዳቸውን በሴሉሎስ ማወፈር፣ ከዛ መድረቅና መጠማዘዝ፣ እና ወደ 50 ቀን ገደማ ሲሆን ፍሬው ይፈነዳና ነጩን እናያለን። አንዱ ሴል ሲነሳ ጎረቤቱ ለምን ቁጭ አለ? የተነሳውስ መቼ ማቆም እንዳለበት ማን ነገረው? ጥያቄው በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

የድሮው መልስ ኦክሲን፣ ጂበሪሊን፣ ኤትሊን፣ ብራሲኖስቴሮይድ የሚባሉት የተክል ሆርሞኖች ናቸው ሚል ነበር። ትክክል ነው፣ አሁንም ይሰራሉ፣ ማንም አልካደም። ግን ከነሱ ሌላ አንድ ትልቅ ቡድን አለ፣ ለረጅም ጊዜ ተክል ውስጥ መኖሩን እንኳን ሰው ያልጠረጠረው፣ እሱም የምልክት ፔፕታይድ የሚባለው ነው። እንስሳት ላይ ኢንሱሊንን የማያውቅ የለም፣ ኢንሱሊን ማለት ከአንድ ቦታ ተለቆ ሌላ ቦታ ያለን ሴል ይሄን አድርግ ብሎ ሚያዝ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ተክልም እንዲህ አይነት ነገር አለው ሲባል ግን ማስረጃው የመጣው 1991 ላይ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ክላረንስ ራያን የሚባሉት ሳይንቲስት ቡድን ከብዙ ኪሎ የቲማቲም ቅጠል ጨምቆ ሲስተሚን የተባለውን 18 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቁራጭ) ያለው ፔፕታይድ ለየ። አባጨጓሬ አንዱን ቅጠል ሲበላ ሌሎቹ ያልተነኩት ቅጠሎች መከላከያ ማምረት እንዲጀምሩ የሚያደርገው ሂደት ሚነሳው ከሱ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ለጥጥ በጣም ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። 1996 ላይ ጃፓኖቹ ማትሱባያሺና ሳካጋሚ የአስፓራገስ ሴሎችን በፈሳሽ ውስጥ ሲያሳድጉ የነበረው ችግር ሴሎቹ ብዙ ሆነው ሲጠጋጉ ይባዛሉ፣ ጥቂት ሆነው ሲራራቁ ግን አይባዙም። ብዙ ሴሎች የኖሩበትን ፈሳሽ ወስደህ ጥቂቶቹ ላይ ብታፈስባቸው ግን መባዛት ይጀምራሉ፣ ማለትም ሴሎቹ ፈሳሹ ውስጥ የሆነ ነገር ለቀዋል ማለት ነው። ያንን ነገር አጣርተው ሲያወጡት አምስት፣ አዎ አምስት ብቻ አሚኖ አሲድ ያለው፣ ሁለት ቦታ ላይ ሰልፌት የተለጠፈበት ፔፕታይድ ሆኖ ተገኘ። ፋይቶሰልፎካይን ይባላል፣ ከዚህ በኋላ ፒኤስኬ እያልኩ ነው ምጠራው።

እነዚህ ነገሮች እንዴት ነው ሚሰሩት የሚለውን ካልተረዳን የሚቀጥለው አይገባም። ጂኑ ሚያዘው ፕሮቲን መጀመሪያ ላይ ያን ያህል ትንሽ አደለም፣ ብዙ ጊዜ ወደ 100 አሚኖ አሲድ አካባቢ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ወደ ውጭ ላኩኝ የሚል አድራሻ ክፍል አለው፣ መሃሉ ብዙም ጥብቅ ያልሆነ ረጅም ክፍል ነው፣ ዋናው ስራ ሚሰራው ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ አካባቢ ነው ያለው። ሴሉ አድራሻውን ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ወደ ውጭ ይልከዋል፣ ከዛ ሰብቲሌዝ የሚባሉ ቆራጭ ኢንዛይሞች ባቄላ ከሸፋኑ እንደሚፈለፈለው ዋናውን ፍሬ ነገር ፈልፍለው ያወጡታል። አንዳንዱ ላይ ሰልፌት ይለጠፋል፣ አንዳንዱ ላይ ስኳር ይጨመራል፣ ያለዚህ ማስተካከያ ፔፕታይዱ ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። የተዘጋጀው ፔፕታይድ ከሴሉ ውጭ ተጉዞ ጎረቤት ሴል ቆዳ ላይ ያለ ተቀባይ ፕሮቲን ላይ ይቀመጣል፣ ተቀባዩ ደሞ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ ስለሆነ ውጭ የሰማውን ውስጥ ያስተላልፋል። እዛ ጋ ነው ጂን ሚበራው ወይም ሚጠፋው፣ የፖታሲየም መተላለፊያው ሚከፈተው ወይም ሚዘጋው።

ቤተሰባቸው ብዙ ነው፣ ሁሉንም አልዘረዝርም። ክሌ የሚባሉት አሉ፣ የቡቃያ ጫፍ ላይ ያሉት እናት ሴሎች ከልክ በላይ እንዳይበዙ የሚቆጣጠሩ፣ ሌሎቹ ደሞ ስር ላይ የሚሰሩ፣ አረቢዶፕሲስ የሚባለው ትንሽ የላብራቶሪ ተክል ብቻውን 32 የክሌ ጂን አለው። ከነሱ አንዱ ክሌ25 ስሩ ውሃ ሲጠማው ወደ ቅጠል ተጉዞ ቀዳዳዎቹ እንዲዘጉ ያደርጋል፣ ይሄ 2018 ላይ ነው የታየው። ሴፕ የሚባለው ስሩ ናይትሮጅን ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣና ሌላው ስር በርትቶ እንዲፈልግ ያደርጋል። ኢዳ የሚባለው ቅጠልና አበባ ከግንዱ ሚላቀቅበትን ቦታ ያዛል፣ ጥጥ አምራች ለሆነ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አደለም ምክንያቱም ጥጥ ከያዘው እምቡጥና ጨቅላ ፍሬ ብዙውን ያረግፋል፣ በማሽን የሚለቅሙት ደሞ ቅጠሉ ቶሎ እንዲረግፍላቸው ኬሚካል ይረጫሉ።

ለፋይበር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ነው ሚጠቅመው፣ ፒኤስኬንና ራልፍ የሚባለውን ሌላ ፔፕታይድ።

ሴል እንዴት ነው ሚሳበው? ውስጡ ባለው ከረጢት ውስጥ ፖታሲየም፣ ስኳር፣ ማሌት የሚባል አሲድ ያከማቻል፣ ውሃ ይከተላቸዋል፣ ግፊት ይፈጠራል፣ ግድግዳው ደሞ ለጊዜው ላላ ካለ ሴሉ ይለጠጣል። ጥጥ ላይ እንደውም በመሳቡ ወቅት መሃል ላይ ከጎረቤት ሴሎች ጋ የሚያገናኙት ጥቃቅን መተላለፊያዎች ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋሉ፣ ግፊቱ ወደ ጎረቤት እንዳያመልጥ። ግድግዳው እንዲላላ ደሞ ከሴሉ ውጭ ያለው ቦታ አሲዳማ መሆን አለበት።

2014 ላይ ቻይና ውሃን ያለው የኋዝሆንግ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጥጥን የፒኤስኬ ጂን ወስደው የሰሩት ስራ እኔ ለዚህ ርዕስ በጣም ግልጽ ማስረጃ ነው ብዬ ምወስደው ነው። መጀመሪያ ጂኑ በርትቶ ሚሰራው ፋይበሩ በሚሳብበት ጊዜ እንደሆነ አዩ። ከዛ የጥጥ እንቁላሎችን አውጥተው በብልቃጥ ውስጥ እያሳደጉ ፒኤስኬውን ሲጨምሩባቸው ፋይበሩ ረዘመ። ሰልፌት መለጠፍን ሚከለክል ክሎሬት የሚባል ነገር ሲጨምሩ ፋይበሩ አጠረ፣ ክሎሬቱ እያለ ራሱ የተዘጋጀ ፒኤስኬ ሲሰጡት በከፊል ተመልሶ ረዘመ፣ ይሄ ማለት ችግሩ ቢያንስ በከፊል የፔፕታይዱ አለመዘጋጀት ነው ማለት ነው። ከዛ ጂኑ አብዝቶ እንዲሰራ የተደረገበት ጥጥ አበቀሉ፣ ፋይበሩም ረጅምና ቀጭን ሆነ። ምክንያቱን ሲፈልጉ ፖታሲየም ከፋይበሩ ውስጥ የሚያመልጠው ቀንሷል፣ ማለትም ከላይ ያልኩት ግፊት ተጠብቋል። ረጅምና ቀጭን ፋይበር ለፈታይም ለፋብሪካም ጥሩ ክር ነው ሚሰጠው።

ራልፍ በተቃራኒው ነው። 2001 ላይ የዛው የራያን ቡድን ከትምባሆ ቅጠል ነው ያወጣው፣ ሴሎች ያሉበት ፈሳሽ ላይ ሲጨመር በደቂቃዎች ውስጥ አሲዱን ይቀንሰዋል፣ ስሙም የመጣው ከዚህ ስራው ነው። ፌሮኒያ የሚባለው ተቀባይ ላይ ይቀመጥና ሃይድሮጅንን ወደ ውጭ ሚገፋውን ፓምፕ ያስቆማል፣ አሲዱ ሲቀንስ ግድግዳው ይጠነክራል፣ መሳብ ይቆማል። አረቢዶፕሲስ ስር ላይ በደንብ የታየ ነገር ነው። እንግዲህ አንዱ ቤተሰብ ግፊቱን ይጠብቃል ሌላው እንደ መኪና ፍሬን ይይዛል ማለት ነው፣ አንድ ሴል ምን ያህል እንደሚረዝም ሚወሰነውም በነዚህና በሆርሞኖቹ ድምር ነው እንጂ አንድ የርዝመት ጂን የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ዝግመተ ለውጡ። ጥጥ ዘመዱ ካካዎ ነው፣ ቸኮሌት ሚሰራበት። ከካካዎ መስመር ከተለየ በኋላ፣ ዛሬ ካለንበት 60 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ በፊት፣ የጥጥ ቅድመ አያት ሙሉ የዘር ቋቱን (ያሉትን ጂኖች በሙሉ) ከአምስት እስከ ስድስት እጥፍ አባዛ። በዛ ላይ ደሞ ሌላ ነገር መጣ። ጥጦች በሁለት መንገድ ተለያይተው ይኖሩ ነበር፣ ሳይንቲስቶች ኤ ብለው ሚጠሩት የአፍሪካና የእስያው ወገን፣ እና ዲ የሚባለው የአሜሪካው ወገን። ሁለቱም 13 ጥንድ ክሮሞዞም ነው ያላቸው። ኤ ላይ ሊፈተል የሚችል ፋይበር አለ፣ ዲ ላይ ግን ከዘሩ ላይ ያለችው ጸጉር ለምንም ማትሆን አጭር ናት። ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኤ ወገን ዘር ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ደረሰ፣ ከዲ ጋር ተዳቀለ፣ የሁለቱም ሙሉ የዘር ቋት ሳይቀነስ አንድ ተክል ውስጥ ገባ። ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የዓለምን ጥጥ ሚሰጠው ጎሲፒየም ሂርሱተም የዚህ ድቅል ልጅ ነው፣ 52 ክሮሞዞም ያለው፣ ባለ ረጅም ፋይበሩ ባርባደንስም እንደዛው።

ማንኛውም የፔፕታይድ ጂን እንግዲህ እዚህ ጥጥ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቅጂ ሆኖ ይጠበቃል፣ አንዱ ከኤ አንዱ ከዲ፣ የድሮዎቹ ብዜቶች ሲጨመሩ ደሞ ከዛም በላይ። ቅጂ ሲበዛ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ይበላሽና ይጠፋል። አንዳንዱ ስራ ይከፋፈላል፣ አንዱ ስር ላይ ሌላው ፋይበር ላይ። አንዳንዱ ደሞ ዋናውን ስራ ወንድሙ ስለያዘለት ነጻ ሆኖ አዲስ ነገር ይሞክራል። ሚገርመው 1998 ላይ በወጣ ጥናት የፋይበር ጥራትን ሚወስኑ ብዙዎቹ የዘር ቦታዎች ፋይበር ከሌለው ከዲ ወገን በመጣው ክፍል ላይ ተገኙ። ብቻውን ፋይበር ማብቀል ያልቻለው ወገን ከሌላው ጋር አንድ ሴል ውስጥ ሲገባ ሰው ረጅሙን እየመረጠ ሲዘራ ብዙ ለውጥ ያበረከተው እሱ ሆነ። እኔ በበኩሌ ስለ ጥጥ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ ይሄን ያህል ያስደነቀኝ የለም።

የፔፕታይድ ጂኖች ደሞ ሲለወጡ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ያ ጫፍ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 20 አሚኖ አሲድ የሚሆነው ዋናው ቁራጭ ተቀባዩ ላይ በትክክል መቀመጥ ስላለበት በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ብዙም አይነካም፣ የተነካበት ተክል ይጎዳልና ከትውልድ ይወጣል። መሃሉ ያለው ረጅም ክፍል ግን ተቆርጦ ስለሚጣል እንደፈለገ ይለዋወጣል። ውጤቱ ምንድነው፣ የጥጡን ጂን ከአረቢዶፕሲሱ ጋር ስታስተያዩት ከጫፉ በቀር ሌላው ምንም አይመሳሰልም፣ በዛ ላይ የድሮ ኮምፒውተር ፕሮግራሞች ከ100 አሚኖ አሲድ በታች የሆነን ነገር ብዙ ጊዜ ጂን አደለም ብለው ይዘሉት ነበር። ለዛ ነው እነዚህ ጂኖች ለረጅም ጊዜ ያልታዩት። ከዲ ወገን የሆነው የጎሲፒየም ራይሞንዲ ዘረመል 2012፣ ከኤ ወገን የሆነው የአርቦሪየም 2014፣ የሂርሱተም 2015 ላይ ከተነበበ በኋላ ነው ጫፏን ብቻ እየፈለጉ መቁጠር የተቻለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከዛ በኋላ የወጡ ብዙ ጥናቶች በኮምፒውተር ብቻ ጂኖቹን ቆጥረው፣ ስም ሰጥተው፣ የቤተሰብ ዛፍ ስለው፣ የትኛው አካል ላይ እንደሚበራ በቀለም ሰንጠረዥ አሳይተው ሚያበቁ ናቸው። ጠቃሚ ነው፣ ካርታ ያስፈልጋል። ግን ጂኑ ፋይበር ላይ በራ ማለት ፋይበሩን አስረዘመ ማለት አደለም፣ ስታነቡ ይሄን ለዩ። ፒኤስኬን ለይቼ ረጅም የጻፍኩት ፔፕታይዱ ሲጨመር፣ ሲከለከል፣ ሲመለስ፣ ጂኑ ሲበዛ አራቱም አንድ ነገር ስለተናገሩ ነው።

የቅጂ መብዛት ለተመራማሪውም ፈተና ነው። ቲማቲም ላይ ክላቫታ3 የሚባለው የክሌ ጂን ሲበላሽ ሌላ ወንድሙ በርትቶ መስራት ይጀምርና ጉዳቱን በከፊል ይሸፍናል፣ 2019 ላይ ነው ይሄ የታየው። የምንበላው ትልቁ ቲማቲም ራሱ ብዙ ክፍል የኖረው አንዱ ምክንያት የዚሁ ጂን መቆጣጠሪያ ክፍል ላይ በተፈጠረ ለውጥ ነው፣ ሰው ሳያውቀው ትልቅ ትልቁን እየመረጠ ሲዘራ የፔፕታይድ ጂን ሲመርጥ ነበር ማለት ነው። ጥጥም ፍሬው ውስጥ ክፍሎች አሉት፣ ባርባደንስ ብዙ ጊዜ 3፣ ሂርሱተም 4 ወይም 5፣ ስለዚህ ፋይበር ብቻ ሳይሆን ይሄም ቤተሰብ ጥጥ ላይ በደንብ መጠናት አለበት ባይ ነኝ።

ለኛ ቅርብ የሆነ ነገር ደሞ አለ። ኢዛና በአራተኛው ክፍለ ዘመን የኖባን ምድር ሲወጋ በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ የእህልና የጥጥ ክምችታቸውን ማጥፋቱን ይናገራል። ከዚሁ ከኑብያ፣ ቃስር ኢብሪም ከሚባለው ቦታ የተቆፈረ 1600 ዓመት ገደማ የሆነው የጥጥ ዘር ዲኤንኤው ተነቦ ውጤቱ 2012 ላይ ወጥቷል፣ የሄርባሲየም ጥጥ ነው፣ የአፍሪካና የእስያው ወገን። ሳይንቲስቶቹ ያዩት ዋናው ነገር ከዛ ጊዜ እስካሁን ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ በዘረመሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ ሚዘሉት የዲኤንኤ ቁራጮች ብዙ መለዋወጣቸውን ነው፣ ከደቡብ አሜሪካ የተገኘው ወደ 4000 ዓመት የሚጠጋ ባርባደንስ ግን ብዙም አልተነቃነቀም። እነዚህ ዘላዮች የኤ ወገንን ዘረመል ከዲ ሁለት እጥፍ ያህል ያወፈሩት ናቸው፣ አንድ ጂን አጠገብ ሲያርፉ ደሞ ጂኑ መቼና የት እንደሚበራ ሊቀይሩት ይችላሉ። ፔፕታይድ ጂን ላይ ዋናው ቁራጭ ስለማይነካ ለውጥ በአብዛኛው ሊመጣ የሚችለው በዚህ በኩል ነው፣ በጊዜና በቦታ።

ጠላቶቹም ይሄን ቋንቋ ተምረዋል። ጥጥን ጨምሮ ብዙ ሰብል ሚያጠወልገው ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም የሚባለው ፈንገስ የተክሉን ራልፍ የሚመስል የራሱን ራልፍ እንደሚለቅ 2016 ላይ ቲማቲም ላይ ታይቷል፣ አካባቢውን ከአሲድ ያወጣና ለራሱ ይመቸዋል። ጥጥ ስር ላይ ሚኖረው ሬኒፎርም የተባለው ኔማቶድ (በዓይን ማይታይ ትንሽ ትል) ደሞ ሴፕን የሚመስል ፔፕታይድ አለው። ስለዚህ ተቀባዩን በቀላሉ አጥፍተን እንገላገል ማለት አይቻልም፣ ተክሉ ለራሱም ይፈልገዋልና።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ጥጥ ዘረመል ሲወራ ሰው ቶሎ ሚያስበው ቢቲ ጥጥን ነው፣ 2018 ላይ ሁለት ድቅል ዝርያዎች ተፈቅደዋል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ጂን ነው፣ ስራውም ፍሬ ቦርቧሪ ትል መከላከል ነው እንጂ ፋይበር ማስረዘም አደለም። ፔፕታይዶቹ የጥጡ የራሱ ናቸው፣ ስራውም ከውጭ ማስገባት ሳይሆን ያለውን ቅጂ መለየትና ማስተካከል ነው።

ያንን ለማድረግ ያለው መንገድ ረጅም ነው። መጀመሪያ ፔፕታይዱን ላብራቶሪ ውስጥ ሰርቶ ብልቃጥ ውስጥ ባለ እንቁላል ላይ መሞከር፣ ይሄ ዘዴ ከ1973 ጀምሮ ያለ ስለሆነ በሳምንታት ውስጥ መልስ ይሰጣል። ከዛ በቫይረስ ተጠቅሞ ጂኑን ለጊዜው ዝም ማሰኘት። ከዛ ክሪስፐር የሚባለው ጂን ቆርጦ ማስተካከያ መሳሪያ፣ እሱም የኤውንም የዲውንም ቅጂ አንድ ላይ ካልነካ ከላይ እንዳልኩት ወንድሙ ይሸፍንለታል። ጥጥ ደሞ ከአንድ ሴል ተነስቶ ሙሉ ተክል ለመሆን ወራት ሚፈጅ ግትር ተክል ነው፣ በቀላሉ እሺ ሚለው ኮከር 312 የተባለው የድሮ አሜሪካዊ ዝርያ ነው። ገበሬው ሚዘራው ደሞ እሱን አደለም፣ ስለዚህ ብልቃጥ ውስጥ የተገኘው ለውጥ አዋሽ ሸለቆም ሆነ መተማ ላይ ወደሚበቅለው ዝርያ በመደበኛ ማዳቀል፣ ወቅት እየጠበቁ ለብዙ ትውልድ መመላለስ አለበት።